ሥጋው ለየብቻ፣ ብስኩቱ ለሁሉም

“ስቴንስል” የሚለውን ቃል ስሰማ ዛሬም የሚታወሰኝ የቀለም ሽታ ነው። ተማሪ ሳለን የፈተና ወረቀት የሚባዛው በስቴንስል ነበር። ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ጥያቄው በታይፕ ይመታል፤ የታይፑ ፊደል ሰሙን ይበሳዋል፤ ወረቀቱ ማባዣው ላይ ይጠመጠምና ቀለሙ በተበሳው በኩል ብቻ እያለፈ ሁለት መቶ ተማሪ የሚፈራው ወረቀት ይወጣል። አንዳንዴ ቀለሙ ሳይደርቅ ይደርሰንና፣ መልሱን ባናውቀው እንኳ ጣታችን ይጠቁር ነበር።

ዛሬ የማወጋችሁ ስቴንስል ግን የሚበላ ነው። መርሁ ያው ነው፤ በተቀደደው በኩል ያልፋል፣ ባልተቀደደው በኩል አያልፍም። በቀለሙ ፈንታ የስኳር አይሲንግ፣ በወረቀቱ ፈንታ ቤት የተጋገረ ብስኩት መሆኑ ነው ልዩነቱ። “የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ብስኩት ምን አገባት?” የምትሉ ካላችሁ ትክክል ናችሁ። እኔም ከ2011 ዓ.ም. ገና በፊት ምንም አያገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የትውልድ ከተማዬ መካነ ሰላም ናት። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ፣ ወደ አባይ ሸለቆ አቅጣጫ ሲዘለቅ የምትገኝ የደቡብ ወሎዋ ቦረና ወረዳ ከተማ ነች (ከደቡቡ ቦረና ጋር እንዳታምታቱብኝ)። በእኛ አገር የአንድ ግቢ አጥር ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ለመለየት አይበቃም። ቡናው አንድ ነው፤ ለቅሶው አንድ ነው፤ ሠርጉም አንድ ነው። የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥጋ። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ስለዚህ በበዓል ቀን ጎረቤቱን በወጉ መጥራት የሚፈልግ ሰው ለእንግዶቹ ለብቻው ያሳርዳል። ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ወይም ዶሮ በሙስሊም እጅ ያሳርድላቸዋል፤ በሌላ ድስትም ይሠራላቸዋል። ሙስሊሙም እንዲሁ።

ይህ ወግ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ይጠይቃል። በዚያ ዓመት እናቴ ታማ ነበር የከረመችው፤ ቤቱም ለሕክምና ብዙ አውጥቷል። አንድ በግ ገዛን፤ ሁለተኛውን መግዛት አልቻልንም። ደርሼ ስገባ እናቴ ከሕመሙ ይልቅ ያሳሰባት ይኸው ነበር። ከአጥራችን ማዶ ያሉትን፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ “እቴቴ” እያለ የሚጠራቸውን አሮጊት፣ በባዶ ቡና ልታስተናግዳቸው ሆነ። እቴቴ እኔ ስወለድ እናቴን ያረሱ ናቸው።

“ዘንድሮስ ምን አቅርቤላቸው ነው ግቡልኝ የምለው?” አለችኝ።

ከአዲስ አበባ ይዤ የሄድኩት አንድ ኪሎ አይሲንግ ሹገር (በጣም የደቀቀ ስኳር ማለት ነው) ነበረኝ። ለእህቴ ልጅ የልደት ኬክ ታስቦ የተገዛ ነው። “ብስኩት ላውጣ” አልኳት። እናቴ ሳቀች። ብስኩት ለእሷ የልጅ ማባበያ ነው እንጂ የክቡር እንግዳ መስተንግዶ አይደለም። እንግዲህ ብስኩቱ ለእቴቴ የሚገባ ሆኖ መታየት ነበረበት። ያጌጠው ለዚህ ነው።

ማስጌጥ የሰው አገር ነገር አይደለም

አንዳንድ ሰው ያጌጠ ብስኩት ሲያይ “የፈረንጅ ነገር” ይላል። እኔ አልስማማም። የእናቶቻችን ዳቦ ከጥንትም ጌጥ አለው። በትግራይና በኤርትራ የሚጋገረውን ሕምባሻ ተመልከቱ፤ ሊጡ ምጣድ ላይ ከመግባቱ በፊት ከመሃል ወደ ዳር እንደ መንኮራኩር ይሰመራል፤ በመስመሮቹም መካከል ጥቃቅን ጌጥ ይወጋል። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲበስል የቅጠሉ ጅማት ጀርባው ላይ ይታተማል። ለቡሄ የሚጋገረው ሙልሙልም ከወትሮው ዳቦ የተለየ የራሱ ቅርጽ አለው። በቤተ ክርስቲያን ቤተልሔም የሚዘጋጀው ኅብስት ላይ መስቀል ይታተማል።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። በሊባኖስና በሶርያ “መዓሙል” የሚባል፣ ቴምር ወይም ለውዝ መሰል ፍሬ በመሃሉ ያለው ብስኩት አለ። በእንጨት በተቀረጸ ማተሚያ ውስጥ ተጠፍጥፎ ይወጣል፤ ቅርጹን አይቶ በውስጡ ያለውን ማወቅ ይቻላል። ክርስቲያኑ ለፋሲካ፣ ሙስሊሙ ለዒድ ይጋግረዋል። ብስኩቱ አንድ ነው። የሰሜን ክሮኤሺያ ሰዎች ደግሞ በቀይ ቀለም ተነክሮ በአይሲንግ የሚጌጥ የልብ ቅርጽ ብስኩት አላቸው፤ ዩኔስኮ ሙያውን እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ከእኛ ዘንድ አዲስ የሆነው ጌጡ ሳይሆን ስኳሩ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት በአብዛኛው የደጋ ቤት ጣፋጭ ማለት ማር ነበር።

ሊጡ፦ ደጋ ላይ የሚጋገር ብስኩት ጠባዩ ሌላ ነው

በመጀመሪያው ሌሊት ከኢንተርኔት ላይ የገለበጥኩትን አሠራር ይዤ ገባሁ። ያወጣሁት ብስኩት ሳይሆን ካርታ ነበር። ክቡ ተዘርግቶ ከጎረቤቱ ተጣብቋል፤ መሃሉ አብጦ ተሰንጥቋል። በዚህ ላይ አይሲንግ ማሳረፍ በኮረኮንች መንገድ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው።

ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። እነዚያ አሠራሮች የተጻፉት በአብዛኛው ለባህር ወለል አካባቢ ነዋሪ ነው። መካነ ሰላም ያለችው ከባህር ወለል 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ የሚፈላውም በ100 ሳይሆን ወደ 91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ነው። የሚጫነው አየር ቀላል ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል። ውኃው ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ በሊጡ ውስጥ ይበዛል፤ የበዛ ስኳር ደግሞ ሊጡን ያላላውና ይዘረጋዋል። አዲስ አበባ ያላችሁም ከዚህ ችግር ነፃ አይደላችሁም፤ ከተማችሁ ከመካነ ሰላም የምታንሰው በጥቂት መቶ ሜትሮች ነው።

ስለዚህ ለሚጌጥ ብስኩት መፍትሔው ሦስት ነገር ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ጨርሶ መተው፤ ስኳሩን መቀነስ፤ ሊጡን ከመጋገሩ በፊት ማቀዝቀዝ። በሁለተኛው ሌሊት የተሳካልኝ መጠን ይህ ነው፦

400 ግራም የፍርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ወይም የገበታ ቅቤ፣ 150 ግራም የደቀቀ ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ ቁንጥር ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ።

ሚዛን የሌለው ሰው ባለሱቁን ይጠይቅ፤ ሚዛን የሌለው ሱቅ የለም። የገጠር ቅቤ ከሆነ ውስጡ የቀረውን ውኃና አጓት በቀዝቃዛ ውኃ እያሹ ማጠብና ማንጠፍጠፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሊጡ ይላላል። ቅቤውና ስኳሩ ተመትተው ነጣ ሲሉ እንቁላሉ ይገባል፤ ከዚያ ዱቄቱና ኮረሪማው። ብዙ አይታሽም፤ ሲታሽ ይጠነክራል። ሊጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ፍሪጅ አያስፈልገንም፤ የታኅሣሥ የመካነ ሰላም ሌሊት ራሱ ፍሪጅ ነው።

ከዚያ በሁለት ላስቲክ መካከል ሆኖ ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ይዳመጣል። መዳመጫ ከሌለ ጠርሙስ ይበቃል። በሻይ ብርጭቆ አፍ ሲቆረጥ ከ40 ያላነሰ ብስኩት ይወጣል።

ኦቨን በሌለበት

በእኛ ቤት ኦቨን የለም፤ ምጣድና አክንባሎ ግን አለ። ድፎ ዳቦ በላይም በታችም እሳት እንደሚበስል ሁሉ ብስኩትም ይበስላል፤ እሳቱ ብቻ ይለዝባል። ምጣዱ በመጠነኛ እሳት ይሞቃል። በላዩ ላይ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ ጉልቻ ይደረደራሉ፤ ብስኩቱ ያለበት ትሪ በድንጋዮቹ ላይ ያርፋል። ትሪው ምጣዱን በቀጥታ ከነካ ታቹ አርሮ ላዩ ጥሬ ይሆናል። ከላይ የብረት ክዳን ይደፋና ጥቂት ፍም ይጨመርበታል።

ኦቨን ላለው ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ለ10 ወይም ለ12 ደቂቃ ነው። ለእኛ መለኪያችን ዓይን ነው፤ ዳሩ ወርቅማ ሊል ሲጀምር፣ መሃሉ ገና ነጭ እንደሆነ ይወጣል። ሲወጣ ለስላሳ ነው። “አልበሰለም” ተብሎ ከተመለሰ ነገ ጥርስ ይሰብራል። እስኪቀዘቅዝ መታገስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ትሪውንም፣ ቢላዋውንም፣ መደባለቂያውንም ሥጋ ያልነካው እንዲሆን አደረግን። እቴቴ አይጠይቁም፤ የማይጠይቅን ሰው ደግሞ አለመጠየቁን መበደል ነውር ነው። በዚሁ ምክንያት ፈሳሹን ቫኒላ ተውኩት፤ ብዙው በአልኮል የተዘጋጀ ነውና። ሽታውን ኮረሪማውና የሎሚ ልጣጭ ይሰጡታል። ጄላቲን ያለባቸው ዝግጁ ማስጌጫ ከረሜላዎችም አልገቡም፤ ከምን እንስሳ እንደተሠሩ እሽጉ አይናገርም።

አይሲንጉ፦ ለስቴንስል ወፈር ያለ

አይሲንግ ሹገር ገበያ ላይ ካልተገኘ ተራ ስኳር በቡና መፍጫ ይደቅና በስስ ወንፊት ይነፋል። እንዳይጓጉል ለአንድ ብርጭቆ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች ይደባለቃል። ያልተነፋ ስኳር ጓል ይኖረዋል፤ ጓሉ የስቴንስሉን ቀዳዳ ይዘጋል።

የታወቀው አሠራር የእንቁላል ነጭ ያለበት ነው። የአንድ እንቁላል ነጭ፣ 200 ግራም ያህል የደቀቀ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ነጭና አንጸባራቂ እስኪሆን አምስት ደቂቃ ያህል ይመታል። ሲደርቅ እንደ ኖራ ይጠነክራል። ነገር ግን ነጩ ጥሬ ነው፤ ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ ሊኖርበት ይችላል። ለአሮጊት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለታማሚ የሚቀርብ ከሆነ ባይሞከር ይሻላል። እኛ ቤት ደግሞ ታማሚም አለች፣ አሮጊትም ይመጣሉ።

ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ ያዝኩ። 200 ግራም የደቀቀ ስኳር፣ አራት የሻይ ማንኪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ጥቂት የሎሚ ጠብታ። እንደ እንቁላሉ አይጠነክርም፤ ለመድረቅም ይዘገያል፤ ግን ማንንም አያሳስብም። ውኃው በጠብታ ነው የሚጨመረው። ከተፈለገው በላይ አንድ ማንኪያ ውኃ ከገባ ለመመለስ ብዙ ስኳር ይበላል፤ ስኳር ደግሞ በወረፋ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

የወፍረቱ መለኪያ ይህ ነው። ማንኪያው ከአይሲንጉ ሲነሳ ጫፉ ቆሞ ይቀርና በትንሹ ዘንበል ይላል። ጫፉ ወዲያው ከሰጠመ ቀጥኗል፤ ከስቴንስሉ ሥር ሾልኮ ሥዕሉን ያበላሸዋል። ጫፉ እንደ መርፌ ከቆመ ደግሞ ወፍሯል፤ ሲነሳ ሥዕሉን ይዞት ይነሳል።

ለቀለም ከሱቅ የሚመጣ ጠርሙስ ግዴታ አይደለም። እርድ ቢጫ ይሰጣል። የቀይ ሥር ጭማቂ ሐምራዊ፣ ከርከዴ ቀይ፣ ጠቆር ብሎ የተፈላ ቡና ቡናማ። በአይሲንጉ ውኃ ፈንታ ይገባሉ እንጂ በውኃው ላይ አይጨመሩም።

በጾም ቀን የሚሠራ ሰው ይህንኑ የውኃ አይሲንግ ይያዝ፤ በሊጡም ቅቤውን በዘይት፣ እንቁላሉን በጥቂት ውኃ ይተካ። መሰባበሩ ይጨምራል እንጂ ይሆናል።

ስቴንስሉን መቁረጥ

አዲስ አበባ ውስጥ የኬክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዝግጁ ስቴንስል አላቸው። መካነ ሰላም ላይ ግን እኔ ያገኘሁት የፋይል ማቀፊያ ላስቲክ፣ ምላጭና የእህቴን ልጅ እርሳስ ነው። የፋይሉ ግልጽ ሽፋን ጽሕፈት የሌለበት፣ የሚታጠብ፣ ሳይሰበር የሚለመጥ ስለሆነ ይመቻል። አንድ ዘመዳችን “የራጅ ፊልም ይሻላል፣ ጠንካራ ነው” ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። አልተቀበልኩትም። የራጅ ፊልም በብርና በሌሎች ኬሚካሎች የተለበጠ ነው፤ ለግድግዳ ሥዕል እንጂ ለምግብ አይሆንም።

ሥዕሉ መጀመሪያ በወረቀት ይነደፋል፤ ወረቀቱ ከላስቲኩ ሥር ይሆንና በምላጭ ይከተላል። ከብስኩቱ ዳር ግማሽ ሴንቲ ሜትር መለስ ማለት አለበት። ላስቲኩም ከብስኩቱ በሁሉም በኩል ሁለት ጣት ያህል ይትረፍ፤ መያዣ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን “ደሴት” የምለው ነገር ነው። ክብ ቆርጣችሁ በክቡ መሃል ሌላ ክብ እንዲቀር ከፈለጋችሁ የመሃሉ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ይወድቃል። ስለዚህ ደሴቱን ከዳሩ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ድልድይ ሳይቆረጥ መተው አለበት። የፊደላችንን ነገር ውሰዱ። “ሰ” እና “ላ” ክፍት ናቸው፤ ያለ ድልድይ ይቆረጣሉ። “ም” ግን የተዘጋ ቀለበት አለው። ይህን ያወቅሁት “ሰላም” ብዬ ለመጻፍ ስሞክር ነው። ብስኩቱ ላይ የወጣው “ሰላ” ሆኖ ከጎኑ ድፍን ነጭ ድብልብል ነበር።

ምን ይሣል?

“ሰላም” ለመጻፍ ያሰብኩት በሦስተኛ ደረጃ ነው። መጀመሪያ የቆረጥኩት መስቀል ነበር፤ በዓሉ ገና ነውና። እናቴ ትራሷን ተደግፋ አየችውና፣ “ለእኛ ያምራል። ለእቴቴ ግን በግድ አሜን በሉ እንደማለት ይሆንብኛል” አለች። እህቴ ወዲያው፣ “እንግዲያው ለእነሱ ጨረቃ እንቁረጥላቸው፤ ለእኛ መስቀል፣ ለእነሱ ጨረቃ” አለች። እናቴ ቀና አለች።

“ሰሃኑንም ለሁለት ልትከፍሉት ነው? ሥጋው መች አነሰን?”

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ብስኩት ነበር የማስበው። እሷ ግን ስለ ሰሃኑ ነበር የምታስበው። ሁለት ዓይነት ሥዕል ካለ እንግዳው ከማንሳቱ በፊት መምረጥ አለበት፤ እጁን ሲዘረጋ ሃይማኖቱን ይጠየቃል። አንድ ዓይነት ከሆነ ግን እጁን ይዘረጋል፣ ያነሳል፣ ይበላል።

መልሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እናቴ ጤነኛ ሳለች የሰፋችው ሰፌድ፣ ከመሃል ኮከብ መስሎ እየሰፋ የሚሄድ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን የተደረደረበት። ይህ ጌጥ የክርስቲያንም የሙስሊምም አይባልም። እቴቴ ቤትም ተመሳሳዩ ተሰቅሏል፤ ምናልባትም አለላውን አብረው ነው የነከሩት። ለስቴንስልም የተመቸ ነው፤ ሦስት ማዕዘን ደሴት የለውም፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ራሱ ድልድይ ነው። ስምንት ሦስት ማዕዘን በክብ፣ መሃሉ ላይ አንድ ትንሽ ነጥብ። በሃያ ደቂቃ ተቆረጠ።

ማሳረፉ

ብስኩቱ ጨርሶ ቀዝቅዞ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ስቴንስሉ ከላዩ ይሆንና አንድ እጅ ዳርና ዳሩን ጫን አድርጎ ይይዛል፤ ልጅ አጠገብ ካለ ያዥ ቢሆን ይበልጣል። ጥቂት አይሲንግ በቢላዋ ጀርባ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር በአንድ አቅጣጫ ይጎተታል። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ የተመለሰ ቢላዋ አይሲንጉን ከሥር ይገፋዋል። የተረፈው ይጠረግና ስቴንስሉ በጎን ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል።

ከሦስት ወይም ከአራት ብስኩት በኋላ ስቴንስሉ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። የውኃ ጠብታ ከሥሩ ከቀረ ቀጣዩ ሥዕል ይፈሳል። የተበላሸውን ወዲያው በቢላዋ ጠርጎ እንደገና መሞከር ይቻላል፤ ደርቆ ከቆየ ግን አይቻልም።

በበጋው ደረቅ አየር ቀጭኑ ሥዕል በሁለት ሰዓት ገደማ ይደርቃል። በክረምት ግን ሌሊቱን ሙሉ ማደር አለበት፤ ዝናብ እየጣለ ከተከደነ ያልባል፣ ቀለሙም ይረጭበታል። ሳይደርቅ መደራረብ በየትኛውም ወቅት አይሆንም።

ይህ ሁሉ የበዛበት ሰው ደግሞ አይሲንጉን ይተው። ስቴንስሉን በብስኩቱ ላይ አስቀምጦ የደቀቀ ስኳር በወንፊት ነስነስ አድርጎ ማንሳት ይበቃል። ቆንጆ ነው፤ ጉዳቱ መጓዝ አለመቻሉ ነው። እኛ ደግሞ ብስኩቱን አጥር ልናሻግረው ነበር።

ማን ይቅመስ?

አንድ ያላሰብነው ችግር ገጠመን። ሥራው የተሠራው በገና ዋዜማ ነው። እኛ ሁላችን ጾመኞች ነን፤ ሊጡ ደግሞ ቅቤና እንቁላል አለበት። ጨው ይብዛ፣ ስኳር ይነስ የሚያውቅ የለም። ሳይቀመስ ለእንግዳ አይቀርብም። እህቴ አጥሩ ጋ ሄዳ የእቴቴን የልጅ ልጅ፣ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችውን ጠራቻት። ልጅቷ እንደ ዳኛ ተቀምጣ አንዱን ቀመሰች፤ ጥቂት አሰበች፤ “እስኪ ሁለተኛውንም ልየው” አለች። በሦስተኛው ላይ ፍርድ ሰጠች፤ ጨው ይጨመር። በቀጣዩ ሊጥ ጨመርን።

በማግስቱ እቴቴ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። የበጉ ወጥ በአንድ በኩል ለእኛ ቀረበ። በሰሃኑ ላይ ደግሞ ሠላሳ የሰፌድ ኮከብ፣ ግማሹ በእርድ ቢጫ፣ ግማሹ በቀይ ሥር ሐምራዊ። እናቴ ይቅርታ ልትጠይቅ ጀመረች፤ ዘንድሮ ለብቻ አላሳረድንም፣ አቅም አጣን… እቴቴ አላስጨረሷትም። አንዱን ብስኩት አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። “ይቺ ያንቺ ሰፌድ አይደለችም እንዴ?” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “አብሽሪ ልጄ፣ ሥጋውንማ ስንቱን በላነው” አሉኝ። ወሎ “አብሽሪ” ሲልሽ አይዞሽም ነው፣ ደስ ይበልሽም ነው።

ከመሄዳቸው በፊት ስቴንስሉን ለልጅቷ ለመኗት። ሰጠናት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ዒድ አል ፈጥር ሆነ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የሆነውን በስልክ ነው የሰማሁት። በረመዳን የመጨረሻ ቀን ልጅቷ ሊጥ አቡክታ ስትጋግር መቅመስ አልቻለችም፤ ጾመኛ ናት። አጥሩ ጋ መጥታ የእህቴን ልጅ ጠራቻት። የእህቴ ልጅም ሦስት በልታ፣ ስኳሩ በዝቷል ብላ ፈረደች። በማግስቱ ሰሃኑ ወደ እናቴ ተመለሰ፤ ባዶውን አይደለም።

እናቴ በ2013 ዓ.ም. አረፈች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት መንገዱም ሁልጊዜ አልተመቸም፤ ብዙውን በዓል በስልክ ነው ያሳለፍኩት። በየበዓሉ ዋዜማ ግን የእህቴ ልጅ ትደውላለች። “አክስቴ፣ ውኃው አራት ነው አምስት ማንኪያ?” አራት ነው እላታለሁ። “ቤኪንግ ፓውደር ላድርግ?” አታድርጊ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት አንድም ለእሷ ነው፤ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር መጠኑ ግማሽ ላይ እየቀረ አስቸግሮናልና።

ሁለተኛው በግ በተገኘበት ዓመት ይታረዳል፤ ወጉ አልቀረም፣ እንዲቀርም አልመክርም። ባልተገኘበት ዓመት ግን 400 ግራም ዱቄትና አንድ ምላጭ የቤትን ክብር ሊያወጣ ይችላል። ከመሣላችሁ በፊት ብቻ ሰሃኑ ማን ፊት እንደሚቀርብ አስቡ።

ቸር እንሰንብት።